ባሮሎ፣ ባርባሬስኮ ወይስ ባርቤራ? የላንጌ ኮረብታ ወይኖች መምረጫ

በጣሊያን ሰሜን ምዕራብ፣ በፒዬሞንቴ ክልል፣ ከታናሮ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ተያይዘው የሚታዩት ኮረብታዎች ላንጌና ሮዬሮ ይባላሉ። ዋና ከተማቸው አልባ ናት። በ1946 የተመሠረተው ፌሬሮ ኑቴላን ለዓለም ያዳረሰው ከዚህች ከተማ ተነሥቶ ነው፤ በመከር ወራት ደግሞ ትራፍል የተባለው ውድ የከርሰ ምድር እንጉዳይ ገበያ ይደራባታል። ዩኔስኮ የላንጌን፣ የሮዬሮንና የጎረቤታቸውን የሞንፌራቶን የወይን እርሻዎች በ2014 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ ኮረብታዎች የሚወጣው ወይን ብዙ ዓይነት ቢሆንም ውጭ አገር ስሙ ገንኖ የሚጠራው ባሮሎ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። እንግዳ ማክበር የፈለገ ሰው ሱቅ ገብቶ ውዱንና ስመ ጥሩውን ያነሣል፣ ማታውኑ ቡሹን ይነቅላል፤ ከዚያ አፍ የሚያኮማትር፣ የሚጎመዝዝ መጠጥ ይገጥመውና የከፈለውን እያሰበ በግድ ይጨርሰዋል። ወይኑ መጥፎ አልነበረም፤ ጊዜው ገና ነበር። ስለዚህ የላንጌን ወይን ስመርጥ «የትኛው ይበልጣል?» የሚለውን ትቼ «መቼ ይከፈታል? ከምን ምግብስ ጋር?» ብዬ እጀምራለሁ። የአገሩ ሰዎችም ልማድ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ለሠርግና ለበዓል የሚቀመጠው ሌላ፣ ለዕለት ምሳ የሚቀዳው ሌላ ነው።

ሁለቱ ታላላቆች፣ አንድ ፍሬ

ባሮሎም ባርባሬስኮም የሚጠመቁት ኔቢዮሎ ከሚባል አንድ ዝርያ ብቻ ነው። ኔቢዮሎ አስቸጋሪ ተክል ነው። በጸደይ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ ውርጭ ያሰጋዋል፤ በመከር ደግሞ ከሁሉም ዘግይቶ፣ ጉሙ ሸለቆውን መሙላት ሲጀምር በጥቅምት ይለቀማል። ፀሐይ ካነሰው አይበስልም። ገበሬውም ወደ ደቡብ የዞረውን፣ በብርዱ ወራት መጨረሻ በረዶው ቀድሞ የሚቀልጥበትን ተዳፋት ለእርሱ ይሰጥና የተረፈውን ለባርቤራና ለዶልቼቶ ያደርገዋል። የጠርሙሱ ዋጋ ከፍ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ የመሬት ምርጫ ነው።

መልኩ አታላይ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ቀይነቱ የሳሳ፣ ሲያረጅም ወደ ሸክላ ቀለም የሚያደላ በመሆኑ ቀላል መጠጥ ይመስላል። ሽታው የጽጌረዳና የቼሪ፣ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ የሬንጅ ነው፤ ጠማቂዎቹ ራሳቸው ሬንጅ ይሉታል፣ የሚሉትም ለማመስገን ነው። አፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ጠባዩ ይገለጣል። ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣው ታኒን፣ ያለ ስኳር ሲፈላ እንደ ዋለ ሻይ ድድንና ምላስን ያደርቃል። ኮምጣጣነቱም ብርቱ ነው። ሁለቱ ተባብረው ወይኑን ለዓመታት ያቆዩታል፤ ትዕግሥት ለሌለው ጠጪ ግን ቅጣት ናቸው።

ሕጉ ለዚህ ጠባይ የተበጀ ነው። ባሮሎ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፤ ከዚህም 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል። ሪዘርቫ የሚል ከተጨመረበት 62 ወር ይሆናል። ባርባሬስኮ 26 ወር ይቆያል፣ ዘጠኙን በበርሜል፤ ሪዘርቫው 50 ወር። በ2020 የተለቀመው ባርባሬስኮ ከ2023 መግቢያ፣ ባሮሎው ደግሞ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ነው መሸጥ የተፈቀደው። ሁለቱም ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. የተባለውን የጣሊያን ወይን ከፍተኛ ደረጃ ያገኙት በ1980 ነው። እነዚህ ወራት ግን ለመሸጥ እንጂ ለመጠጣት የተቆረጡ አይደሉም። ደህና ባሮሎ ከለቀማው ከስምንትና ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው መለስለስ የሚጀምረው፤ ባርባሬስኮ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ይቀድመዋል።

«ባሮሎ ንጉሥ፣ ባርባሬስኮ ንግሥት» የሚል አባባል በየመጽሔቱ ይደጋገማል። ለገዢ ምንም አይጠቅመውም። ባርባሬስኮ ከአልባ በስተምሥራቅ፣ ለታናሮ ወንዝ ቀረብ ብሎ፣ ዝቅና ሞቅ ባለ ቦታ የሚበቅል ስለሆነ ፍሬው ቀድሞ ይበስላል፤ ስፋቱም የባሮሎን ሲሶ ያህል ነው። በጥቅሉ ቶሎ የሚገራ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ኔይቬ ከሚባለው መንደር የሚመጣ ጠንካራ ባርባሬስኮ፣ ላ ሞራ ከሚባለው የባሮሎ መንደር ከሚመጣ ለስላሳ ጠርሙስ አጠገብ ቢቀመጥ ንጉሡና ንግሥቲቱ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ባርባሬስኮ ለብዙ ዘመን የጎረቤቱ ጥላ ያረፈበት ነበር። ፍሬው እየተሸጠ ባሮሎ በሚል ስም ይጠመቅ ነበር። በአልባ የወይን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበሩት ዶሚጺዮ ካቫጻ በ1894 ገበሬዎቹን ሰብስበው በመንደሩ ስም የሚጠምቅ ማኅበር አቋቋሙ። በፋሺስቶች ዘመን ማኅበሩ ተዘጋ። በ1958 የመንደሩ ቄስ 19 አነስተኛ ገበሬዎችን አስተባብረው መልሰው አቆሙት፤ ዛሬ ፕሮዱቶሪ ዴል ባርባሬስኮ የሚባለው ነው። ገዢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር እዚህ አለ። ማኅበሩ በመልካም ዓመት ዘጠኝ የታወቁ ማሳዎችን ለየብቻ ይጠምቃል፤ ዓመቱ ደካማ ሲሆን ግን ሁሉንም ቀላቅሎ ተራው ባርባሬስኮ ውስጥ ይጨምረዋል። በደካማው ዓመት ያ ርካሹ ጠርሙስ የምርጥ ማሳዎች ፍሬ አለበት ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ የገንዘብ ዋጋ በኮረብታዎቹ ላይ ብዙ የለም።

ባሮሎ ከሆነስ፣ ከየትኛው መንደር?

ባሮሎ የመንደር ስም ቢሆንም ወይኑ የሚመጣው ከ11 ወረዳዎች ነው። ሁሉን ማጥናት አያስፈልግም፤ ምዕራቡንና ምሥራቁን መለየት ብዙ ያግዛል። በምዕራብ በኩል ያሉት ላ ሞራና የባሮሎ መንደር ራሱ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ የሸክላና የኖራ አፈር አላቸው። ወይናቸው ሽታው ቀድሞ የሚወጣ፣ ለስለስ ያለና ቶሎ የሚደርስ ይሆናል። በምሥራቅ ያሉት ሴራሉንጋ ዳልባና ሞንፎርቴ ዳልባ አፈራቸው ከዚያ የቆየ፣ ኖራና የአሸዋ ድንጋይ የበዛበት፣ ጠንካራ ነው። ከዚያ የሚመጣው ባሮሎ ሲወጣ ኮስታራ ሆኖ በዝግታ ይከፈታል። ካስቲሊዮኔ ፋሌቶ በመካከል ተቀምጦ የሁለቱንም ጠባይ ይዟል። በሰሜን ጫፍ ያለው ቬርዱኖ ለረጅም ጊዜ የተረሳ ነበር፤ ዛሬ ስስና መዓዛማ ባሮሎ የሚወዱ ሰዎች ሞንቪሊዬሮ የሚባለውን ማሳውን ይሻሙበታል።

በጥቂት ዓመት ውስጥ ለመክፈት ካሰቡ ላ ሞራን ወይም ቬርዱኖን ይፈልጉ። ለአሥራ አምስትና ለሃያ ዓመት የሚያስቀምጡት ከሆነ ሴራሉንጋ የሚያስተማምን ነው። የመንደሩ ስም ጠርሙሱ ላይ ሁልጊዜ ላይጻፍ ይችላል፤ ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሻጭ ይጠይቁ።

የማሳ ስም ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ከ2010 ምርት ጀምሮ በባሮሎ በሕግ የተከለሉ 181 ስሞች ጠርሙስ ላይ መጻፍ ይችላሉ። ካኑቢ ከእነርሱ ሁሉ ጥንታዊው ነው፤ ይህ ስምና 1752 የሚለው ዓመት የተጻፈበት ጠርሙስ እስከ ዛሬ ተጠብቆ አለ። ነገር ግን ስም መኖሩ ብቻ ጥራትን አያረጋግጥም። በሞንፎርቴ ያለው ቡሲያ በጣም ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ጠርሙሶች ዝምድናቸው የሩቅ ሊሆን ይችላል። የማሳ ስም ሲጨመር ዋጋ እንደሚጨምር ግን አይጠራጠሩ። ብዙ ማሳ ቀላቅሎ የሚሠራ ጠማቂ አንዱ የጎደለውን በሌላው ይሞላል፤ የቀደሙት አባቶች ባሮሎም እንዲሁ ነበር የሚሠራው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው የጥሩ ጠማቂ ተራ ባሮሎ ቢይዝ ይበጀዋል እላለሁ።

የበርሜሉ ጉዳይ በአንድ ወቅት ቤተ ሰብ ያፈረሰ ክርክር ነበር። የቀድሞዎቹ ጠማቂዎች ወይኑን በትልልቅ አሮጌ በርሜሎች ለዓመታት ያስቀምጡ ነበር። በ1980ዎቹ ወጣቶቹ የፈረንሳዮችን ትንሽ አዲስ በርሜል አመጡ፤ ወይኑ ቶሎ እንዲለሰልስና የቫኒላ ጣዕም እንዲይዝ። የላ ሞራው ኤሊዮ አልታሬ በ1983 የአባቱን አሮጌ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራረጣቸው፤ አባትየውም ከውርስ ነቀሉት። በሌላው ወገን ባርቶሎ ማስካሬሎ የተባሉት አዛውንት ጠማቂ በእጃቸው ሥለው ጠርሙስ ላይ የለጠፉት ጽሑፍ ትንሹንም በርሜል፣ ፖለቲከኛውን በርሉስኮኒንም በአንድነት የሚያወግዝ ነበር። ዛሬ ነገሩ በርዷል፤ ብዙዎቹ መካከል ላይ ተገናኝተዋል። እኔ ከትልቁ በርሜል ወገን ነኝ፤ ጽጌረዳውን በቫኒላ መሸፈን ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ጣፋጭ የእንጨት ሽታ የሚወዱ ከሆነ ግን የእኔን አድልዎ ይተዉትና የትንሹን በርሜል መጠሪያ «ባሪክ» የሚለውን ቃል ከሻጩ ጋር ያንሡ።

ኔቢዮሎን ለማወቅ ባሮሎን መግዛት ግድ አይደለም

ላንጌ ኔቢዮሎ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ ከባሮሎ በግማሽ ዋጋና ከዚያም ባነሰ ይገኛል። በሕግ የተቆረጠ የዓመታት ቆይታ የለበትም። ብዙ ጠማቂዎች የሚሠሩት ባሮሎ ከሚለቀምባቸው ማሳዎች ወጣት ተክሎች ነው፤ ያው ጽጌረዳ፣ ያው ኮምጣጣነት፣ ታኒኑ ግን ቀለል ያለ። ኔቢዮሎ ዳልባ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ ብዙው ከታናሮ ማዶ ከሮዬሮ አሸዋማ ተዳፋት የሚመጣ፣ ሙሉ በሙሉ ኔቢዮሎ የሆነ ወይን ነው። ላንጌ ኔቢዮሎ እስከ 15 ከመቶ ሌላ ዝርያ ሊቀላቀልበት ይፈቀዳል፣ ምንም እንኳ ጥሩዎቹ ባይቀላቅሉም። ባሮሎ ይወደድ እንደሆነ ለመፈተን የሚፈልግ ሰው ከሁለቱ በአንዱ ይጀምር። ይህን ካልወደደው ባሮሎን አይወደውም፤ ብዙ ገንዘብም ይተርፍለታል።

ባርቤራ፣ የዕለቱ

ባርቤራ የኔቢዮሎ ተቃራኒ ነው። ቀለሙ ጥልቅ፣ ታኒኑ ትንሽ፣ ኮምጣጣነቱ ከፍተኛ። ድድ አያደርቅም፤ ቅባት ያለበትን ምግብ ይቆርጣል፤ በተገዛበት ቀን ይከፈታል። ለእራት የሚሆን ቀይ ወይን አንድ ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ከኮረብታዎቹ ሁሉ ይህን አነሣለሁ።

ሁለት ዋና ስሞች አሉት፤ ባርቤራ ዳልባና ባርቤራ ዳስቲ። ልዩነቱን የሚወስነው ያው የመሬት ጉዳይ ነው። በአልባ ዙሪያ ምርጡን ተዳፋት ኔቢዮሎ ስለሚወስደው ባርቤራ ሁለተኛውን ያገኛል። በአስቲ አውራጃ ግን ባርቤራ ራሱ የቤቱ ጌታ ነው። ስለዚህ እኩል ዋጋ ካላቸው ሁለት ጠርሙሶች እኔ የአስቲውን እወስዳለሁ። ከአስቲ ሁሉ የሚመረጠው በኒጻ ከተማ ዙሪያ የሚጠመቀው ነው። ከ2014 ጀምሮ ኒጻ በሚል የራሱ ስም ይሸጣል፤ ንጹህ ባርቤራ ሆኖ 18 ወር የሚቆይ፣ ስድስቱን ወር በእንጨት።

ይህ ወይን ክፉ ቀን አይቷል። በ1986 ወንጀለኛ ነጋዴዎች የአልኮል መጠኑን ከፍ ለማድረግ ርካሽ ወይን ውስጥ ሜታኖል ጨምረው ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የፒዬሞንቴ ባርቤራ ስምም አብሮ ተጎዳ። ስሙን ካነሡት ሰዎች አንዱ ጃኮሞ ቦሎኛ ነበሩ። ብሪኮ ዴል ኡቼሎኔ የተባለውን ወይናቸውን ከ1982 ምርት ጀምሮ በትንሽ በርሜል አስቀምጠው፣ ተራ የሚባለው ዝርያ ከታላላቆቹ ጋር ሊቆም እንደሚችል አሳዩ። (እዚህ ላይ ትንሹ በርሜል እንደ ሠራ አምናለሁ፤ ባርቤራ የራሱ ታኒን ትንሽ ስለሆነ ከእንጨቱ ይበደራል።)

በነገራችን ላይ፣ የሞንፌራቶን ካርታ ሲያዩ አንድ የሚታወቅ ስም ይገጥምዎታል። በ1936 አዲስ አበባ የገባው ማርሻል ፒዬትሮ ባዶሊዮ የተወለደው ባርቤራ በሚበቅልበት በግራጻኖ መንደር ነው፤ መንደሩም ዛሬ ድረስ ግራጻኖ ባዶሊዮ ይባላል። ያ ስም የተጻፈበት ጠርሙስ ካገኘሁ ወደ መደርደሪያው እመልሰዋለሁ። ይህ የጣዕም ምክር አይደለም።

ዶልቼቶ ከባርቤራም ይቀላል። ጣፋጭ ነው ብለው የሚገዙት አሉ፤ ደረቅ ወይን ነው። ኮምጣጣነቱ ዝቅ ያለ፣ መጨረሻው ላይ የለውዝ ልጣጭ ዓይነት ምሬት ያለው፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የሚጠጣ። ጠንከር ያለው የሚመጣው ከዶሊያኒ ነው። የጣሊያን ሪፐብሊክ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ሉዊጂ ኢናውዲ የወይን እርሻ የነበራቸው እዚያ ነው።

ከምን ጋር?

አልባ ውስጥ ምሳ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በጥሬ ሥጋ ነው። ፋሶና ከሚባለው የፒዬሞንቴ ከብት የተቆረጠውን ቀይ ሥጋ በቢላዋ አድቅቀው በወይራ ዘይት፣ በጨውና በሎሚ ያቀርቡታል፤ አጠገቡ ዶልቼቶ ወይም ባርቤራ ይቀዳል። ኢትዮጵያዊ ተመጋቢ ለዚህ ምግብ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ልዩነቱ ሚጥሚጣው ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ከታኒን ጋር ሲገናኙ መድረቁም ማቃጠሉም ይብሳል፤ የባሮሎ 14 ከመቶና ከዚያ በላይ የሚሆን አልኮልም እሳቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ ለክትፎ ትንሽ የቀዘቀዘ ዶልቼቶ፣ ለጥብስ ባርቤራ፣ ለዶሮ ወጥ ደግሞ ከታች የማነሣው ሞስካቶ ይሻላል። ባሮሎ በርበሬ የሌለበት፣ ለረጅም ሰዓት የበሰለ የበሬ ሥጋ ይፈልጋል፤ የአገሩ ሰዎች ሥጋውን የሚቀቅሉትም በራሱ በወይኑ ነው። የቆየ አይብም ይስማማዋል።

ስለ ዓመትና ስለ አከፋፈት

የምርት ዘመን ለባርቤራና ለዶልቼቶ ብዙ አያስጨንቅም፤ ለኔቢዮሎ ግን ይወስናል። 2002 በዝናብና በበረዶ ውሽንፍር ተበላሽቶ ብዙ ጠማቂዎች ባሮሎ ሳያወጡ ቀሩ። 2014 ቀዝቃዛና ዝናባም ነበር፤ 2017 ሞቃትና ድርቅ የበዛበት፤ በመካከላቸው 2016 የዘመኑ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሊያስቀምጡ ከሆነ 2016ን፣ ቶሎ ሊከፍቱ ከሆነ 2014ን ወይም 2017ን ይምረጡ።

ልጅ ሲወለድ የልደቱን ዓመት ባሮሎ ገዝቶ ለጋብቻው ማስቀመጥ የሚወዱ አሉ። መልካም ሐሳብ ነው፤ የአቆጣጠሩን ልዩነት ግን አይርሱ። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ፍሬው የተለቀመበት የፈረንጅ ዓመት ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ለተወለደ ልጅ 2015፣ በየካቲት 2008 ዓ.ም. ለተወለደ ግን 2016 የሚል ጠርሙስ ነው የሚገዛው። ጠርሙሱ ጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ በጎኑ ተጋድሞ ይቀመጥ። የወጥ ቤት መደርደሪያ አይሆንም።

ያረጀ ባሮሎ አተላ ያዘቅጣል። ከመከፈቱ አንድ ቀን በፊት ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ሲቀዳም በቀስታ። ወጣቱ ደግሞ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ተከፍቶ ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ቢገለበጥ ይለዝባል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል።

ነጮቹና ጣፋጩ

ከታናሮ ማዶ በሮዬሮ አሸዋ ላይ የሚበቅለው አርኔይስ ከ1960ዎቹ በፊት ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ቪዬቲ የተባለው ቤት በ1967 ብቻውን መጥመቅ ከጀመረ በኋላ ነው ያንሰራራው። የእንኮይና የአበባ ሽታ ያለው፣ ለዓሣና ለአትክልት የሚሆን ነጭ ነው፤ አዲሱን ዓመት ይግዙ። አረፋማ ለሚወዱ ደግሞ አልታ ላንጋ አለ። ከፒኖ ኔሮና ከሻርዶኔ ፍሬ፣ እንደ ሻምፓኝ ጠርሙሱ ውስጥ ተብላልቶ ቢያንስ 30 ወር ከእርሾው ጋር የሚቆይ ነው።

ከምግብ በኋላ ለሚቀርበው ኪኒን በሚወጣበት ዛፍ ልጣጭና በቅመም የተዘፈዘፈ ባሮሎ ኪናቶ የሚባል አለ። መራራ ጣፋጭ ነው፤ ከጥቁር ቸኮላት ጋር በትንሽ ብርጭቆ።

የመጨረሻው ሞስካቶ ዳስቲ ነው፤ የወይን አዋቂ ነን ባዮች የሚንቁት፣ ማንም ሲቀዳለት የማይመልሰው። አልኮሉ ከ4.5 እስከ 6.5 ከመቶ ብቻ ነው። በተዘጋ ጋን እየተብላላ ሳለ በቅዝቃዜ ስለሚያስቆሙት የፍሬው ስኳር ሳያልቅ ይቀራል፤ ስኳር አይጨመርበትም። የኮክና የብርቱካን አበባ ይሸታል፤ አረፋው ስስ ነው። አስቲ ስፑማንቴ ከሚባለው ወንድሙ ጋር እንዳይምታታብዎ፤ ያኛው አረፋውም አልኮሉም ይበረታል። ጠጅ ሲቀርብ ብርዝ የሚመርጡ ዘመዶች ካሉዎት ይህን ይክፈቱላቸው፣ በደንብ አቀዝቅዘው። ሲገዙ ግን ዓመቱን ይዩ፤ ሞስካቶ በመደርደሪያ ላይ ሽታውን ያጣል። ሁለት ዓመት ያለፈውን ሻጩ በግማሽ ዋጋ ቢሰጥዎ እንኳ ይተዉት።